ሠላሳ ስድስት ቁጥሩ ቡሶላ

ደጀኔ ሆዴ፣

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር መጀመሪያ ልንገርህና ልገላገል። ያን ሦስት ቀን ሙሉ የፈለግኸውን፣ አልጋ አንስተህ፣ የእንጨት ክምር አፍርሰህ ያጣኸውን ሠላሳ ስድስት ቁጥር ቡሶላ፣ ያን የብሎን መፍቻ ብረት፣ የደበቅኩት እኔ ነኝ። በፌስታል ጠቅልዬ ሽሮ እቃው ውስጥ ቀብሬው ነበር። አንተ ግቢው መሀል ወገብህን ይዘህ ቆመህ፣ ብረት እግር የለው የት ይሄዳል እያልክ ስትገረም፣ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼህ ሽንኩርት እከትፍ ነበር። ራት ላይ አንድ ጉርሻ ቀምሰህ፣ ዛሬ ሽሮሽ ብረት ብረት ይላል አልከኝ። ድስቱ ነው አልኩህ። አንተም አመንከኝ፤ ሁልጊዜ ታምነኝ ነበር።

ከተለየኸን ይኸው ስምንተኛው ክረምት ገባ። ቤቱ እንዳለ አለ። አንተ በላስቲክ የደፈንከው የጣራ ቀዳዳ የለም፤ ቆርቆሮውን ቀይረነዋል። የጽድ ዛፉ አድጎ ከአጥሩ አልፏል። ልጅህ ሰላም ትልቅ ሴት ሆናለች። ሱሉልታ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ በየአስራ አምስት ቀኑ ትመጣለች። ስትስቅ ቁርጥ አንተን ናት፤ ስትናደድ ግን ወደ እኔ ትመለሳለች። ከተማውም ስሙ ተቀይሯል። ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም ተጠቃለው ሸገር ተብለዋል። ይህን የሰማሁ ቀን ምን እንዳሰብኩ ታውቃለህ? እኔና ያቺ የሰበታዋ ሴት በአንድ ከተማ መኖር ጀመርን ማለት ነው አልኩ። እንግዲህ ስምንት ዓመት አልበቃኝም ማለት ነው።

እኔም ተቀይሬያለሁ። መነጽር አደርጋለሁ። ማንበብና መጻፍ እችላለሁ፤ ይህን የምጽፍልህ በራሴ እጅ ነው። ፊደል የቆጠርኩት አስተማሪ ሳይኖረኝ ነው፤ ያስተማረኝ ቅናት ነው ብልህ ይቀላል። እሱንም እደርስበታለሁ።

ቮልሷ የመጣችበትን ቀን ታስታውሳለህ? ሆለታ ገበሬ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያድርባት የኖረች አሮጌ ቮልስ በአይሱዙ አስጭነህ መጣህ። በሯ አይዘጋም፣ ጣራዋ በዝገት ተበሳስቷል፣ ቀለሟ ምን እንደነበር አይታወቅም። ጎረቤታችን ኦቦ ቱሉ በትራቸውን ይዘው አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ጎንበስ ብለው ሆዷን አዩና፣ ደጀኔ ይቺን ልትነዳት ነው ወይስ ልትቀብራት ብለው ጠየቁህ። ገላዋን እቀብራለሁ፣ አጥንቷ ግን ጤነኛ ነው ኦቦ አልካቸው። ለእኔም ያስረዳኸኝ እንዲሁ ነበር። ሻንሲዋን፣ ሞተሯን፣ ካምቢዮዋንና መሪዋን ወስደህ፣ በላዩ ላይ ራስህ ከላሜራ ቀጥቅጠህ የምትሠራውን አዲስ ገላ ልታለብሳት ነው። በቡራዩ መንገድ ላይ ማንም ዘንድ የሌለች መኪና ትሆናለች አልክ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው መኪና ስትጠግን ኖረህ አንዲት የራስህ እንድትኖርህ ፈለግህ። እኔም ደስ አለኝ፤ ያኔ የሚያስቀናኝ ነገር ገና አልተወለደም።

መጀመሪያ መፍታት ነው፣ ለመፍታት ደግሞ መሣሪያ አልክ። የምትሠራበት ጋራዥ መሣሪያውን ከግቢ አያስወጣም። ስለዚህ በእጅህ ባለው ጀመርክ፤ አንድ ፒንሳ፣ ሁለት ካቻቢቴ፣ ከአስር እስከ አስራ ዘጠኝ የሆኑ ቁልፎች፣ ዘይት የሚያለቅስ አሮጌ ክሪክ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልብስህን ቀይረህ ከስሯ ትገባለህ። እኔ በርጩማ አምጥቼ ከጎማው አጠገብ እቀመጣለሁ። አንተ እጅህን ብቻ ትዘረጋለህ። ቁጥር ማንበብ አልችልም ነበር፤ ግን አስራ ሦስት ቁጥሩ ቁልፍ በመዳፌ ላይ እንዴት እንደሚከብድ፣ የአስራ ሰባቱ አፍ የትኛውን ጣቴን እንደሚያስገባ አውቅ ነበር። ተሳስቼ አልሰጠሁህም። አንድ ቀን ከስር ሆነህ፣ ጥሩዬ አንቺ ቁጥር ብታውቂ ኖሮ ትሳሳቺ ነበር ብለህ ሳቅህ። ከዚያ የበለጠ ምስጋና ከሰው ሰምቼ አላውቅም።

ጣሳዎቹንስ? መኪና የሚፈታ ሰው ትልቁ ፈተናው መፍታቱ ሳይሆን የፈታውን አለማቀላቀሉ ነው ብለህ አስፈራራኸኝ። እኔም ከጎረቤት ሁሉ የቲማቲም ጣሳ ሰበሰብኩ። የሞተሩን ብሎኖች ባለ ሽምብራው ጣሳ ውስጥ አደረግሁ፣ ሞተር ሲነሳ እንደሚቆላ ሽምብራ ስለሚንጣጣ። የበሮቹ ባቄላ፣ የፍሬኑ በቆሎ፣ የመሪው ስንዴ፣ የኮፈኑ ምስር። ከእያንዳንዱ ጣሳ ስር ሁለት ሦስት ፍሬ እህል ነው የጣልኩት። አንተም ለመድከውና፣ የባቄላውን አቀብይኝ ትለኝ ጀመር። ኦቦ ቱሉ አንድ ቀን ይህን ሰምተው፣ እናንተ ቤት መኪና ነው የሚፈታው ወይስ ንፍሮ ነው የሚቀቀለው አሉ። የዚያን ቀን የሳቅነው ሳቅ አሁንም ግቢው ውስጥ ያለ ይመስለኛል።

ከዚያ መሣሪያው አልበቃ አለ። የበሩ ማጠፊያ ብሎኖች ዝገው ካቻቢቴውን በሉት። ገላውን ከሻንሲው ያያያዙት ከስር ያሉት ሁሉ ነጭ ጋዝ ቢጠጡም አልንቀሳቀስ አሉ። ያኔ ነው ሰበታ መመላለስ የጀመርከው።

ጫልቱን አውቃት ነበር። ሙያ ያስተማሩህ የሽማግሌው መካኒክ ልጅ ናት። አባቷ ሲሞቱ የሰበታውን ጋራዥ ከነመሣሪያው ወርሳ፣ ቱታ ለብሳ ራሷ ትሠራለች። እህቴ ማለት ናት ትለኝ ነበር። እህትነቷን አልጠላሁም። የጠላሁት ከሰበታ ስትመለስ የሚኖርህን ፊት ነው። ራትህን እየበላህ፣ ጫልቱ እንዲህ አለች፣ ጫልቱ በመዶሻ ሲመታ የሚዞር ካቻቢቴ አላት፣ ጫልቱ ጸጉር የምታህል ስንጥቅ በጣቷ ታገኛለች ትለኛለህ። እኔ የማወራልህ የዘይት መወደድና የሰላምን ሳል ነበር። ስለ ብረት የማወራው አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከሰበታ ስትመለስ የሸሚዝህ ኪስ ውስጥ ወረቀት አየሁ። አራት ላይ የታጠፈ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ። የአንተ ጽሑፍ እንዳልሆነ ማንበብ የማይችልም ሰው ያውቃል። ከሁሉ ታች ያለው መስመር ከስሩ ተሰምሮበታል። ታወጣውና ታየዋለህ፣ ያን የመጨረሻውን ስታይ ፈገግ ትላለህ፣ መልሰህ ታጥፈዋለህ። ምንድነው ስልህ፣ የሥራ ነው አልከኝ። ለሥራ ማን ፈገግ ይላል?

በዚያው ሰሞን ወንበር ላይ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ሲባጎ ይዘህ መጣህና ከወገቤ እስከ ጉልበቴ፣ ከጉልበቴ እስከ ተረከዜ ለካኸኝ። ምን ልታደርግ ነው ብልህ ዝም በይ አልከኝ። ቀሚስ ሊያሰፋልኝ ነው ብዬ ሆዴ በደስታ ተሞላ። ሳምንት ጠበቅሁ፣ ወር ጠበቅሁ፣ ቀሚስ የለም። ጫልቱ ደግሞ ቁመቷ ከእኔ ጋር እኩል ነው። ነገሩ ገባኝ አልኩ፤ በእኔ ላይ ለክቶ ለእሷ ገዛላት። እንዲህ ያለ ሐሳብ እንዴት በሰው ልብ ይገባል ትል ይሆናል። ገባ። ገብቶም ቁጭ አለ።

ያቺ እሑድ ራሷ መጣች። ለእንግዳ ብዬ ዶሮ ሠርቼ ነበር። ቡናማ ቱታ ለብሳ፣ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ እጄን ሳመችና ሳትቀመጥ ከመኪናዋ ስር ገባች። ሁለታችሁም ከስር ሆናችሁ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ታወራላችሁ። ስቆ ማውራት በየትኛውም ቋንቋ ይገባል። እኔ በርጩማዬ ላይ እንደ ልማዴ ቁልፎቹን ደርድሬ ተቀምጫለሁ፤ ግን ማንም እጁን አልዘረጋልኝም። እሷ የምትፈልገውን ከጎኗ ደርድራ ነው የገባችው።

ስትወጣ ጣሳዎቹን አየች። አንዱን አንስታ ነቀነቀችና ባቄላውን በመዳፏ ይዛ፣ "እትዬ ጥሩ፣ አይጥ ልትጋብዢበት ነው?" አለችኝ። በክፋት አልነበረም፤ አሁን አውቃለሁ። አንተም ሳቅህ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ተቀምጣ ጣሳዎቹን ሁሉ ገለበጠች፤ ብሎኖቹን በየፌስታሉ አድርጋ በየአንዳንዱ ላይ ወረቀት ጽፋ አሰረችበት። እህሉን ጠራርጋ ለዶሮ በተነችው። በሚቀጥለው ሳምንት የመሪውን አቀብይኝ ስትለኝ የቱ እንደሆነ አላወቅሁም። ሁሉም ፌስታል አንድ ዓይነት ነው፣ ሁሉም ላይ የእሷ ደቃቅ ፊደል አለ። ተነስተህ ራስህ ወሰድክ። ከዚያ በኋላ እጅህን ወደ እኔ በኩል አልዘረጋህም።

የቀረው የኋላ ጎማዎቹን የያዘው ትልቅ የብሎን ዳዶ ብቻ ነበር። ይህን የሚፈታው ሠላሳ ስድስት ቁጥር ቡሶላ ነው፣ የሰው ቁመት በሚያህል ቧንቧ ይጠመዘዛል፣ አንድ ሰው ቧንቧው ላይ ሲንጠለጠል ሌላው ቡሶላውን ይይዛል አልከኝ። ቡሶላውን ምናለሽ ተራ ዞረህ ዞረህ አገኘህ። ጫልቱ ደግሞ ቧንቧዋን ይዛ እሑድ ልትመጣ ተነጋገራችሁ። እኔ ቧንቧው ላይ ብንጠለጠል ምን ነበረበት? ክብደቴ ከእሷ አያንስም። አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አልጠየቅሁህም። ሐሙስ ዕለት ቡሶላውን ሽሮ እቃ ውስጥ ከተትኩት። ብረቱ ከሌለ እሑድ የለም ብዬ ነው። ሞኝነቴን እይልኝ፤ ቡሶላው ሲጠፋ ሰበታ የምትሄድበት ምክንያት አብሮ የሚጠፋ መሰለኝ።

በዚያ መሀል ያደረግሁት ሌላም ክፉ ነገር አለ። ግቢያችን የሚገባ የውጭ ሰው ኦቦ ቱሉ ብቻ ነበሩና ጥርጣሬህ በእሳቸው ላይ ወደቀ። አንድም ቀን በእሳቸው ላይ ቃል አልተነፈስክም፤ ግን በሩን መዝጋት ጀመርክ። እሑድ ሲመጡ ዛሬ ሥራ የለም አልካቸው። እሳቸውም ገባቸው። ጊዜው ደግሞ የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው፤ የእሳቸው ማሳ ይወሰዳል አይወሰድም እየተባለ ሰውየው ከሰውነት ወጥተዋል፣ ሰፈሩም ሰውን በአፍ መፍቻው እየለየ ማየት ጀምሯል። አስር ዓመት በአንድ አጥር ስንኖር ማን ምን እንደሚናገር ቆጥረን አናውቅም ነበር። በዚያ ሰሞን የአንድ አዛውንት ፊት ላይ በር ሲዘጋ ምን እንደሚመስል እያየሁ፣ አንዲት ቃል ተናግሬ ማስከፈት እየቻልኩ ዝም አልኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሰበታ ሄጄ የጫልቱን አባት ቡሶላ ልዋስ ብለህ ተነሳህ። መንገድ ይዘጋል እየተባለ ነው፣ አትሂድ አልኩህ። እኩለ ቀን ሳይሞላ እመለሳለሁ አልክ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቡሶላው ከኋላዬ ነበር፤ ሦስት እርምጃ። አሁንም አልጋዬ ላይ ስተኛ እነዚያን ሦስት እርምጃዎች እለካቸዋለሁ። ወጥቼ ይኸውልህ ብልህ ትቆጣ ነበር፣ ትስቅብኝም ነበር፣ ትኖርም ነበር። አፈርኩህና አልሄድኩም።

ከረፋዱ በኋላ ታክሲ ጠፋ። መንገዱ ላይ ድንጋይ ተደረደረ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ስልክም አልሠራ አለ። ከሩቅ የሚሰማው ድምፅ ነጎድጓድ ይሁን ተኩስ አልለየልንም፤ ዝናቡም ያለማቋረጥ ይወርዳል። ሰላምን አቅፌ መስኮት ላይ ቆምኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ በሩ ተንኳኳ። ኦቦ ቱሉ ናቸው፤ ሁለት ሳምንት በራችንን ያልረገጡት። ደጀኔ አልገባም ወይ አሉኝ። ሰበታ ነው ስላቸው ሌላ ነገር አልጠየቁኝም፤ ጋቢያቸውን በራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ከታ ሰፈር ድረስ ሄደው፣ መንገድ የያዙትን ወጣቶች ኢጆሌ፣ ልጆች፣ ይሄ የእኔ ሰው ነው እያሉ እየለመኑ፣ ሲመሽ ክንድህን ይዘው አመጡህ። አንተ ከአለም ገና ጀምረህ በእግርህ ነው የመጣኸው። ውኃ ከጫማህ ይፈስ ነበር። ኪስህ ውስጥ ግን በጨርቅ የተጠቀለለው ቡሶላ ደረቅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ሳል ያዘህ፣ በአምስተኛው ትንፋሽ አጠረህ። ሐኪሙ ሳንባህ ቀድሞም የተጎዳ ነው፣ ስንት ዓመት የብየዳና የቀለም ጭስ ስትስብ ኖረህ አለ። ሰው ሁሉ ይህን ሰምቶ ተቀበለ። እኔም እንድቀበለው ነገሩኝ። ሐኪሙ ግን ስለ ሽሮ እቃው አያውቅም።

ሆስፒታል ልትገባ ስትል ቡሶላውን ከትራስህ ስር አውጥተህ እጄ ላይ አደረግኸው። "ጥሩዬ፣ ይሄ የሰው አደራ ነው። ያኛውን እኔ ጣልኩት፣ ይሄን አንቺ ጠብቂልኝ" አልከኝ። ጥፋቱን ለራስህ ወስደህ ነው የሞትከው። በአስራ አንደኛው ቀን አረፍክ።

አደራውን እንዴት እንደጠበቅሁት ልንገርህ። አልመለስኩትም። ጫልቱ ለቅሶ መጣች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ሳታሰማ እንባዋ ብቻ ይወርድ ነበር። ያ እንባዋ አናደደኝ። እኔ ጮኼ ያለቀስኩትን ያህል እሷ ዝም ብላ አለቀሰች። ለአርባህም መጣች። ስለ ቡሶላው አልጠየቀችም፤ እኔም አልሰጠኋትም። ትጠይቀኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታዋን በልጃችን በሰላም በኩል ስትልክ መልስ አልላክሁም። ሁለቱ ቡሶላዎች አንድ ላይ ሳጥኔ ውስጥ ነበሩ፤ ወረቀቱም አብሮ።

ወረቀቱን ከሸሚዝህ ኪስ አውጥቼ ነው ያስቀመጥኩት። ለሰው አስነብቤ ኀፍረቴን ልሰማ አልፈለግሁም፤ ለሰላምም ስለ አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ማስነበብ አይሆንልኝም። ስለዚህ የሰላምን የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። እሷ ትምህርት ቤት ስትውል እኔ ከሰዓት በኋላ መስኮት አጠገብ እቀመጥና በጣቴ እያስከተልኩ ሀሁ አልኩ። ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አስቀድሜ የማነበው መጽሐፍ ሳይሆን ያ ወረቀት መሆኑን እያሰብኩ፣ እየተናደድኩ ነው የተማርኩት። ፊደሉ ሲገባኝ ወረቀቱን ዘረጋሁ።

የመጀመሪያው ቃል ክሪክ የሚል ነበር።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ወረድኩ። ዘይት የማያፈስ ክሪክ፣ መኪና ማቆሚያ ካቫሌቶ አራት። በመዶሻ የሚመታ ካቻቢቴ፣ ለበሩ። የሽቦ ብሩሽ፣ ነጭ ጋዝ፣ መሮ። ከአስር እስከ ሠላሳ ሁለት ቡሶላ፣ ሠላሳ ስድስቱ ለብቻ፣ ከሌለ የአባዬ አለ። ረጅም ቧንቧ። የብሎን መለያ ፌስታል። ገላውን ለማንሣት አራት ሰው፣ ኦቦ ቱሉ ይቆጣጠሩ። መኪና ለመፍታት የሚያስፈልግ መሣሪያ ዝርዝር ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም። ሁለት ዓመት በፍቅር ደብዳቤ ስም አፍኜ ያኖርኩት ይህን ነው። የተሰመረበት የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ "የእትዬ ጥሩን ቁመት ለክተህ አምጣ። ወንበሩ በእሷ ልክ ይሁን፣ ታክሲ ጉልበቷን ያማታል ብለሃል።"

ያ ሲባጎ ለወንበሩ ነበር። ቀሚሱን እጠብቅ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቅናቱ ይለቀው ነበር። እኔን አልለቀቀኝም፣ ደጀኔ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከቀድሞው ይልቅ ባሰብኝ። የጉልበቴን ሕመም ለእሷ ነገርካት። መኪናዋ ለእኔ መሆኗን ከእኔ በፊት እሷ አወቀች። ከእኔ የደበቅኸው የእኔን ነገር ነው፣ አብራህ ደስ ያላት ግን እሷ ናት። ልታስደንቀኝ ፈልገህ እንደሆነ ይገባኛል። ብትነግረኝ ኖሮ ግን ቡሶላውን የሚደብቅ ሰው አይኖርም ነበር። አንተንም በዚህ እቀየምሃለሁ፤ ሙት ወቃሽ አትበለኝ።

አሁን ደግሞ አጥራችን ለመንገድ ማስፊያ ሊፈርስ ነው፤ ቮልሷ ባለችበት መቆየት አትችልም። ቆራሌው መጥቶ ዞራት፣ ለብረት እወስዳታለሁ አለኝ። ሰላም ይህን ለጫልቱ ነግራት ኖሮ ጫልቱ መልእክት ላከች፤ እኔ ልጨርሳት፣ ለእትዬ ጥሩ ነው የተጀመረችው አለች። ሦስት ቀን አሰብኩ። ለቆራሌው ብሰጣት ማንም አያገኛትም፤ እኔም አላገኛትም። ለእሱ እሰጣታለሁ ብዬ የወሰንኩበት ጊዜ እንኳ ነበር። ከዚያ ያንን አደራ አሰብኩና ጫልቱ ትውሰዳት አልኩ።

መጀመሪያ ግን ኦቦ ቱሉ ዘንድ ሄድኩ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሽሮውን ጭምር።  ከዚያ፣ "እኔ እኮ ረስቼ በጋቢዬ ይዤው ወጥቼ ይሆናል ብዬ፣ ስንት ጊዜ ቤቴን ፈተሽኩት" አሉኝ። ስምንት ዓመት፣ ደጀኔ። የሌለውን ብረት ከቤታቸው ሲፈልጉ ነበር። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሆማ ሚቲ፣ ምንም አይደለም፣ ተነሺ አሉኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ ለመሆኑ ያን ሽሮ ለእኔም አቅርበሽልኛል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው፣ ጉልበቴ እስካሁን የጸናው ለካ ለዚህ ነው አሉ።

ትናንት ከቤት ኋላ ያሉትን ፌስታሎች አወጣሁ። እርጥበት ገብቶባቸው የጫልቱ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ቀርቷል። የቱ የበሩ፣ የቱ የፍሬኑ እንደሆነ አሁን ራሷም ብትመጣ አታውቀውም። እኔ ግን እያንዳንዱን በመዳፌ ላይ አድርጌ አወቅሁት። ቀኑን ሙሉ በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ለየሁት። ጣሳዎቹን አጥቤ ሽምብራውን፣ ባቄላውን፣ በቆሎውን፣ ስንዴውን፣ ምስሩን መለስኩባቸው። በየጣሳው ላይ ደግሞ በራሴ እጅ ጻፍኩበት፤ ሞተር፣ በር፣ ፍሬን፣ መሪ፣ ኮፈን። ፊደሌ ትልልቅና ጠማማ ነው፤ ግን በቀለም ነው የጻፍኩት፣ እርጥበት አያጠፋውም። ይህን ስሠራ ከእሷ የበለጥኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ይቅር በለኝ። ይህችን ያህል ደስታ ግን ተውልኝ።

አልረሳህም። ከስር ሆነህ የዘረጋኸውን እጅ፣ ጥፍርህ ውስጥ የቀረውን ግራሶ፣ ቁጥር ብታውቂ ትሳሳቺ ነበር ያልክበትን ሳቅ አልረሳም። ጥፋቴንም አልረሳም፤ እሱን መርሳት አንተን መርሳት ይሆንብኛል። ያቺ መኪና ተሠርታ በዚህ በር ከገባች፣ በእኔ ልክ በተሠራው ወንበር ላይ ተቀምጬ መጀመሪያ የምመጣው መቃብርህ ድረስ ነው። ኦቦ ቱሉ ከጎኔ ይቀመጣሉ።

ቅዳሜ አይሱዙው ቮልሷን ሊወስዳት ይመጣል። የኋላ ጎማዎቿ እንዳሉ ናቸው፤ ያን ትልቅ ዳዶ ማንም አልነካውም። ሲፈታ ቧንቧው ላይ የምንጠለጠለው እኔ ነኝ ብዬ መልእክት ልኬያለሁ። ጣሳዎቹ በካርቶን ይሄዳሉ፣ እንዳይገለበጡ። ሁለቱን ቡሶላዎች በአንድ ጨርቅ ጠቅልዬአቸዋለሁ፤ አንዱ የአባቷ ነው፣ አንዱ የአንተ። እነዚህን ወረቀቶችም ከእነሱ ጋር አስሬአቸዋለሁ። ለአንተ የጻፍኩት ቢሆንም የምትቀበላቸውና የምታነባቸው፣ ስምንት ዓመት ሰላምታዋን ያልመለስኩላት፣ የሰበታዋ ጫልቱ ናት።